ለካንሰር የሚታከሙ አዛውንት መድኃኒታቸው ሲበዛ ምን እናድርግ? ከቤት የሚጀምር ዝርዝር መመሪያ

እናታችሁ ወይም አባታችሁ የካንሰር ሕክምና ሲጀምሩ ቤት ውስጥ የነበረው መድኃኒት የትም አይሄድም። የደም ግፊቱ አለ። የስኳሩ አለ። የጨጓራው አለ። በዚያ ላይ ኬሞው (የካንሰሩ መድኃኒት) ይመጣል፤ ከኬሞው ጋር ደግሞ ለማቅለሽለሹ፣ ለሕመሙ፣ ለሆድ ድርቀቱ፣ ለእንቅልፉ እየተባለ ይጨመራል። ብዙም ሳይቆይ ዐሥር ዓይነት መድኃኒት የታጨቀበት ፌስታል ምስማር ላይ ተንጠልጥሎ ታገኙታላችሁ።

በሕክምናው አነጋገር በየቀኑ 5 እና ከዚያ በላይ መድኃኒት መውሰድ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። የካንሰር አዛውንቶችን አቅም ለመለየት የሚያገለግለው ጂ8 የተባለው አጭር መጠይቅ እንኳ፣ ከ8 ጥያቄዎቹ አንዱ በቀን ከ3 በላይ መድኃኒት ይወስዳሉ ወይ የሚል ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ኩላሊት መድኃኒቱን የማስወጣት አቅሙ ይቀንሳል፣ ጉበትም ቀስ ይላል፣ ሰውነት ይከሳል። በ50 ዓመታቸው የተስማማቸው መጠን በ75 ዓመታቸው ሊበዛባቸው ይችላል።

ዋናው ችግር ግን ሌላ ነው። ሁሉንም መድኃኒት አንድ ላይ የሚያይ ሰው የለም። የስኳር ክትትሉ አንድ ቀን ነው፣ የካንሰሩ ሌላ ቀን። ግፊቱን እዚሁ ጎንደር፣ አዘዞ ያለ ጤና ጣቢያ ይከታተላል፣ ለጉልበቱ ፒያሳ ካለ ፋርማሲ ማስታገሻ ተገዝቷል፣ የዓይኑን ጠብታ ያዘዘው ደግሞ የግል ክሊኒክ ነው። እያንዳንዱ ሐኪም የራሱን በትክክል አዝዞ ሊሆን ይችላል። ሲደመር ምን እንደሚሆን የሚያየው ግን ፌስታሉን የያዘው ሰው ነው። ስለዚህ ይሄ ጽሑፍ ለእናንተ ነው፤ ለልጅ፣ ለልጅ ልጅ፣ ለእህት፣ ለአስታማሚ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ከዚህ በታች የምታነቡት የትኛውንም መድኃኒት በራሳችሁ እንድታቆሙ ወይም እንድትጨምሩ አይደለም። ትክክለኛውን ጥያቄ ይዛችሁ ትክክለኛው ሰው ፊት እንድትቀርቡ ነው።

1. ፌስታሉን ገልብጡት

ጥድፊያ የሌለበት ከሰዓት በኋላ ምረጡ። ቡና ተፈልቶ ሁሉም ቤት ባለበት ቢሆን ይመረጣል። ምክንያቱም መድኃኒት የሚያቀብለው አንድ ሰው ብቻ አይደለም። ጠዋት ልጅ ትሰጣለች፣ ቀን ጎረቤት፣ ማታ የልጅ ልጅ። ሁሉም የየራሱን ነው የሚያውቀው።

ንጹሕ ጨርቅ አንጥፉና ያለውን ሁሉ አውጡ። ሁሉን ስል ሁሉን ነው። ትራስ ሥር ያለውን፣ የኮት ኪስ ውስጥ ያለውን፣ ነጠላ ጫፍ ላይ የተቋጠረችውን ፍሬ፣ ፍሪጅ ውስጥ ያለውን። የዓይን ጠብታም፣ ቅባትም፣ ሽሮፕም፣ ኢንሱሊንም ይውጣ። ከአሜሪካ ዘመድ የላከው ቫይታሚን ይውጣ። ከጎረቤት የተዋሱት ማስታገሻም ይውጣ።

የባህሉም እንደዚያው። ዳማከሴ፣ ጤና አዳም፣ ጥቁር አዝሙድ፣ የሽፈራው ዱቄት፣ ነጭ ሽንኩርት በማር፣ ከአዋቂ የመጣ ሥር። «ይሄ እኮ ቅጠል ነው» ብላችሁ አትለፉት። ነጭ ሽንኩርት በየቀኑ በብዛት ሲወሰድ ደም ከሚያቀጥን መድኃኒት ጋር ተደምሮ መድማት ሊያባብስ ይችላል። ሽፈራው ስኳር ሊያወርድ ይችላል፤ ለስኳር መድኃኒት እየወሰዱ ከሆነ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ኮሶ ደግሞ ሲበዛ ዓይን እስከማጥፋት የሚደርስ ጉዳት አለው፤ በኬሞ ለደከመ ሰውነት ፈጽሞ አይሰጥም። ለሐኪሙ ስትናገሩም አትፈሩ። ቢቆጣችሁም መስማት አለበት።

ከዚያ በሦስት ክምር ለዩት። በየቀኑ የሚወሰድ፣ ሲያስፈልግ ብቻ የሚወሰድ፣ የቆመ ወይም ምንነቱ ያልታወቀ። ሦስተኛው ክምር ብዙ ጊዜ ትልቁ ነው። እሱን ለብቻው አስራችሁ አስቀምጡ፤ በቀጣዩ ቀጠሮ ለፋርማሲስቱ ታሳያላችሁ። ጊዜው ያለፈበትንም ቆሻሻ ላይ ወይም ሽንት ቤት አትጣሉት፣ ፋርማሲ መልሱትና እንዴት እንደሚወገድ ጠይቁ።

እዚህ ላይ ዓይናችሁን ክፈቱ። አንድ ዓይነት መድኃኒት በሁለት ስም ሊኖር ይችላል። ቮልታረን ማለት ዳይክሎፌናክ ነው። ላዚክስ ማለት ፉሮሴማይድ ነው። ፓናዶል ማለት ፓራሲታሞል ነው፤ ብዙ የጉንፋን ክኒኖችም ውስጣቸው ፓራሲታሞል አለ። ገበያ ላይ መድኃኒት ሲጠፋ ደግሞ ፋርማሲው የሌላ ፋብሪካ ይሰጣችኋል፤ ቀለሙ ተቀይሯል፣ ካርቶኑ ተቀይሯል፣ አሮጌው ብልቃጥ ደግሞ አላለቀም። አዛውንቷ አዲስ መድኃኒት ተጨመረልኝ ብለው ሁለቱንም ይውጣሉ። በትልቁ የተጻፈውን ሳይሆን ከሥሩ በትንሹ የተጻፈውን ስም አነጻጽሩ።

ስትጠይቁም አጠያየቅ አለው። «መድኃኒትዎን ይወስዳሉ?» ካላችሁ መልሱ «አዎ» ነው። ይሉኝታ አለ። «አንቱ ለምን አልወሰዱም?» እያለ በሚቆጣ ልጅ ፊት እውነቱን የሚናገር አዛውንት አይገኝም። «እማማ፣ የትኛው ነው ሆድዎን የሚያውክዎት? የትኛውን ነው አንዳንዴ የሚዘሉት?» በሏቸው። ያኔ ይነግሯችኋል።

2. አንድ ወረቀት፣ አንድ ኃላፊ

ያወጣችሁትን አንድ ወረቀት ላይ ጻፉ። የመድኃኒቱን ስም (ካርቶኑ ላይ እንዳለው በእንግሊዝኛ ፊደልም ገልብጡት)፣ ስንት ሚሊግራም እንደሆነ፣ ስንት ፍሬ በስንት ሰዓት፣ ለምን በሽታ፣ ማን እንዳዘዘው፣ መቼ እንደተጀመረ። ከታች ደግሞ የማይስማማቸው መድኃኒት ካለ፣ የመጨረሻው የኩላሊት ምርመራ ውጤት፣ ክብደታቸው፣ መጨረሻ ኬሞ የወሰዱበት ቀን።

ስለ ኩላሊት ምርመራው አንድ ነገር ልጨምር። ክሪያቲኒን የሚባለው ቁጥር በጣም በከሳ አዛውንት ላይ ደህና መስሎ ሊያታልል ይችላል፤ ቁጥሩ ከጡንቻ መጠን ጋር ስለሚያያዝ ነው። ለዚህ ነው ዕድሜና ክብደት አብሮ የሚሰላው። «ውጤቱ ኖርማል ነው» ከተባላችሁ «በዕድሜያቸውና በክብደታቸው ተሰልቶ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ነውር የለውም።

ወረቀቱን በስልክ ፎቶ አንሱትና ለቤተሰቡ ሁሉ ላኩት። ከዚያ አንድ ኃላፊ ምረጡ። መስጠቱን ሁሉም ሊሰጥ ይችላል። ወረቀቱን የሚያስተካክለው ግን አንድ ሰው ብቻ ይሁን። መድኃኒት ሲጨመር፣ ሲቀነስ፣ መጠኑ ሲለወጥ በዚያው ዕለት ይጻፋል፣ አዲሱ ፎቶ ይላካል፣ አሮጌው ይቀደዳል። የመድኃኒቱ ኃላፊ ዘወትር ከታማሚው ጋር የሚኖር ቢሆን ጥሩ ነው፤ ውጭ ሀገር ያለችው እህት ገንዘብ ልትልክ ትችላለች፣ ወረቀቱን ግን ከሩቅ ሆና መያዝ አትችልም።

3. «ይሄ ለምንድን ነው?» ብላችሁ አንድ በአንድ ጠይቁ

ሥራው ያለው እዚህ ላይ ነው። እያንዳንዱ መድኃኒት ፊት ለፊት በሽታው ይጻፋል። ምንም ያልተጻፈበት ካለ እሱ የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ ነው።

አንድ ምሳሌ ልውሰድ። የ72 ዓመት እናት እንበል። ለደም ግፊት አምሎዲፒን ታዘዘላቸው። አምሎዲፒን አንዳንድ ሰው ላይ ቁርጭምጭሚት ያሳብጣል። እግራቸው ሲያብጥ ሌላ ቦታ ታዩና ሽንት የሚያሸና ፉሮሴማይድ ተሰጣቸው። እብጠቱ ብዙም አልጎደለም፣ ሌሊት ግን አራት ጊዜ ይነሳሉ። በጨለማ ሲነሱ ይንገዳገዳሉ። እንቅልፍ አጣሁ ሲሉ ዲያዜፓም ተጨመረ። አሁን ደግሞ መንገዳገዱ ባሰ። ሦስት መድኃኒት፣ መነሻው አንድ። በሽታው አልጨመረም፣ የመጀመሪያው መድኃኒት ጠባይ እንደ አዲስ በሽታ ተቆጥሮ ነው።

እኚሁ እናት ኬሞ ጀመሩ እንበል። ያስመልሳቸዋል፣ ውኃ አይጠጡም። ፉሮሴማይዱ ግን ፈሳሽ ማስወጣቱን አያቆምም። ለግፊት ኢናላፕሪልም ተጨምሯል። ለጉልበታቸው ዳይክሎፌናክ ከፋርማሲ ተገዝቷል። እነዚህ ሦስቱ፣ ማለትም የሚያሸናው፣ ኢናላፕሪሉና ዳይክሎፌናኩ፣ አንድ ላይ ሆነው ፈሳሽ ባጣ አዛውንት ላይ ሲያርፉ ኩላሊቱን በቀናት ውስጥ ሊጥሉት ይችላሉ። ኬሞው ሲስፕላቲን ከሆነ ደግሞ እሱ ራሱ ኩላሊት ይጎዳል። ቀጣዩ ዙር ሲቀርብ ምርመራው ይበላሻል፣ ኬሞው ይራዘማል። «ካንሰሩ ጠናባቸው» ይባላል። ካንሰሩ ላይሆን ይችላል።

ስለዚህ አዲስ ምልክት በታየ ቁጥር፣ ማዞርም ይሁን ማሳበጥ፣ መርሳትም ይሁን የአፍ መድረቅ፣ አዲስ ክኒን ከመጠየቃችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ይቅደም፦ «ከሚወስዱት አንዱ ያመጣው ይሆን?»

4. እነዚህን አብረው ካያችኋቸው ቀጠሮ አትጠብቁ

ወረቀታችሁ ላይ የሚከተሉት ጥንዶች ካሉ በቀጣዩ ቀን ሆስፒታል ሄዳችሁ ወይም ደውላችሁ አሳውቁ። ሐኪሙ አውቆት ያዘዘው ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ክትትሉ ምን እንደሆነ ይነግራችኋል።

ዋርፋሪን ከካፔሲታቢን ጋር። ዋርፋሪን ደም እንዳይረጋ የሚሰጥ ነው። ካፔሲታቢን በክኒን የሚወሰድ ኬሞ ነው። አብረው ሲሆኑ የዋርፋሪኑ ኃይል በጣም ሊጨምርና ከባድ መድማት ሊያመጣ ይችላል። ለጡት ካንሰር የሚሰጠው ታሞክሲፌንም ከዋርፋሪን ጋር ተመሳሳይ ጣጣ አለው። የደም መርጋት ምርመራው ከወትሮው ቶሎ ቶሎ መሠራት አለበት።

የካንሰር መድኃኒቱ ሜቶትሬክሴት ከማስታገሻዎቹ ከዳይክሎፌናክ፣ ከኢቡፕሮፌን ወይም ከአንቲባዮቲኩ ከኮትሪሞክሳዞል ጋር። ሜቶትሬክሴቱ ከሰውነት እንዳይወጣ ያደርጉታል፣ ወይም ጉዳቱን ያከብዱታል።

ታሞክሲፌን ከፍሉኦክሴቲን ወይም ከፓሮክሴቲን ጋር። እነዚህ የድብርት መድኃኒቶች ታሞክሲፌን ሰውነት ውስጥ ወደሚሠራበት መልክ እንዳይቀየር ይከለክላሉ። ለድብርት ሌላ የሚስማማ መድኃኒት ስላለ ዝም ብላችሁ አትለፉት።

የቲቢ መድኃኒት ሪፋምፒሲን ካለ ደግሞ ከምንም ጋር ይሁን ተናገሩ። የብዙ መድኃኒቶችን ኃይል ያዳክማል፣ የካንሰሩንም ጨምሮ።

ጠንካራ የሕመም ማስታገሻዎቹ ሞርፊን ወይም ትራማዶል ከዲያዜፓም ጋር። ሁለቱም ያፈዛሉ፣ ትንፋሽ ያዘገያሉ። አረቄ ወይም ጠላ ሲጨመርበት ይብሳል። ሞርፊን ራሱ ግን የሚፈራ አይደለም፣ ይሄን አስምሬበት ማለፍ እፈልጋለሁ። ሕመም ላይ ያለን ሰው «ሱስ ይሆንበታል» ብሎ መከልከል በደል ነው። ሞርፊን ሲሰጥ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሆድ ድርቀት መከላከያ አብሮ መታዘዝ አለበት፤ ካልታዘዘ ጠይቁ።

ስኳር ላለባቸው ደግሞ ለብቻው የሚነገር አለ። ከኬሞ ጋር ለማቅለሽለሽና ለአለርጂ ዴክሳሜታዞን ይሰጣል። ዴክሳሜታዞን ስኳር ይሰቅላል፣ አንዳንዴም በጣም። ውኃ ጥም፣ ሽንት ማብዛት፣ መድከም ሲታይ ኬሞው ነው ተብሎ ይታለፋል። ከዚያ ዴክሳሜታዞኑ ያልቃል፣ ምግብ አልበላ ይላቸዋል፣ ግሊቤንክላማይድ ወይም ኢንሱሊን ግን እንደ ድሮው መጠኑ ይቀጥላል። ያኔ ስኳሩ ይወርዳል። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለቱም አደጋ ሊደርስ ይችላል ማለት ነው። ኬሞ ከመሰጠቱ በፊት «ስኳር አለባቸው፣ በእነዚህ ቀናት መጠኑን እንዴት እናድርገው? ካልበሉስ?» ብላችሁ ጠይቁና መልሱን አጽፉ። የስኳር መለኪያ መሣሪያ ካላችሁ በእነዚያ ቀናት በደንብ ተጠቀሙበት።

የሚያልባቸው፣ የሚያንቀጠቅጣቸው፣ የሚቀባዥሩ ከሆነ ለኩ። ከ70 mg/dL በታች ከሆነ፣ ወይም መለኪያ ከሌላችሁ፣ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ ስጡ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግማችሁ እዩ፣ ሲሻላቸው ምግብ አብሉ። ራሳቸውን ከሳቱ በአፍ ምንም አታፍስሱ፣ ሆስፒታል ውሰዱ። በግሊቤንክላማይድ የወረደ ስኳር ከተስተካከለ በኋላም ተመልሶ ሊወርድ ስለሚችል «ተሻላቸው» ብሎ ቤት መተኛት አይሆንም።

5. ቀጠሮ ላይ

ወረቀቱንም ፌስታሉንም ይዛችሁ ሂዱ። ሁለቱንም። በየቀጠሮው።

ወረፋው ረጅም እንደሆነ፣ ሐኪሙ ፊት የምታገኙት ደቂቃ አጭር እንደሆነ አውቃለሁ። ከዳባት ወይም ከደባርቅ በሌሊት ተነስቶ የመጣ ሰው ተራው ሲደርስ ሊጠይቅ ያሰበውን ይረሳል። ስለዚህ ሦስት ጥያቄ ብቻ ወረቀቱ አናት ላይ ጻፉ። በጣም የሚያሳስባችሁን አስቀድሙ።

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የማስተማሪያ ሆስፒታል ነው፤ ፋርማሲስቶችም የሚሠለጥኑበት። ክሊኒካል ፋርማሲስት የሚባሉ ባለሙያዎች አሉ፣ ሥራቸው መድኃኒት ማቀበል ብቻ ሳይሆን መድኃኒቶች እርስ በርስ መስማማታቸውን ማየት ነው። «ክሊኒካል ፋርማሲስት ዝርዝሩን ቢያይልን» ብላችሁ ጠይቁ። መጠየቅ መብታችሁ ነው።

አዲስ መድኃኒት ሲታዘዝም «ለምንድን ነው? እስከ መቼ ነው? ከነበሩት የሚቆም አለ?» በሉ። ሦስተኛዋ ጥያቄ እንዳትረሳ። ሁሉም ይጨምራል፣ የሚቀንስ ሲጠፋ ነው ፌስታሉ የሚያብጠው።

6. የሚቀነስ ካለ

እ.ኤ.አ. በ1991 አሜሪካ ውስጥ የቢርስ ዝርዝር የሚባል ወጣ። ለአዛውንት ጉዳታቸው የሚያመዝን መድኃኒቶችን የሚዘረዝር ሲሆን እስካሁን ይታደሳል፣ በ2023ም ታድሷል። እኛ ዘንድ በየቤቱ የሚገኙ መድኃኒቶችም አሉበት። ዲያዜፓም፣ አሚትሪፕቲሊን፣ ለጉንፋንና ለማሳከክ የሚወሰደው ክሎርፌኒራሚን፣ ለስኳሩ ግሊቤንክላማይድ። መኖራቸው ብቻ ስህተት ነው ማለት አይደለም። አሚትሪፕቲሊን ለምሳሌ ለነርቭ ሕመም ሆን ተብሎ ይታዘዛል። ግን አዛውንቱ መርሳት፣ መቀባዠር፣ መውደቅ ወይም ሽንት መከልከል ከጀመራቸው ስማቸውን ጠርታችሁ ጠይቁ።

ክብደት ከቀነሱ የግፊት መድኃኒቱም መታየት አለበት። ዐሥር ኪሎ የከሳ ሰው በድሮው መጠን ግፊቱ በጣም ሊወርድ ይችላል፤ ከአልጋ ሲነሱ ዓይናቸው ከጨለመባቸው ቁጭ ብለውም ቆመውም ይለካላቸው። በሽታው በጣም በገፋ ጊዜ ደግሞ እንደ ኮሌስትሮል መድኃኒቱ አቶርቫስታቲን ያለ፣ ጥቅሙ ከዓመታት በኋላ የሚታይ መድኃኒት መቀጠሉ ያስፈልግ እንደሆነ ከሐኪሙ ጋር መነጋገር ተስፋ መቁረጥ አይደለም። የሚውጡት ፍሬ በቀነሰ ቁጥር ምግብ የሚገባበት ሆድ ይተርፋል።

በድንገት የማይቆሙም አሉ። ፕሬድኒሶሎን፣ ለልብ የሚሰጡት አቴኖሎልና ፕሮፕራኖሎል፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒት፣ ለረጅም ጊዜ የተወሰደ ዲያዜፓም፣ ሞርፊን። እነዚህ ቀስ እየተባለ ነው የሚወርዱት፣ እሱም በሐኪም ትእዛዝ።

7. ቤት ውስጥ አሰጣጡ

መጀመሪያ ሰዓቱ ይጥራ። «በየ8 ሰዓቱ» ሲባል በቀን ሦስት ጊዜ ማለት እንጂ 8 ሰዓት ሲሆን ማለት አይደለም። ከውጭ በመጣ ካርቶን ላይ ጠዋት 8 የሚል ካለ በእኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። የስልክ አላርም ስትሞሉም ይሄን አስቡ። ፋርማሲው ፖስታው ላይ 1×2 ብሎ ከጻፈ አንድ ፍሬ በቀን ሁለት ጊዜ ነው፤ ሁለት ፍሬ አይደለም። ከመስኮቱ ሳትነሱ በቃላችሁ መልሳችሁ ንገሩት፣ ትክክል ነው ይበላችሁ።

በሳምንቱ ቀናት የተከፋፈለ የክኒን ሳጥን ካገኛችሁ ግዙ። ካላገኛችሁ ትንንሽ ፖስታዎች ይበቃሉ። ማንበብ ለማይችሉ ለጠዋቱ ፀሐይ፣ ለማታው ጨረቃ ሣሉበት። የኬሞ ክኒን ግን እዚህ ውስጥ አትቀላቅሉ፤ እሱ ከነማሸጊያው ለብቻው ይቀመጥ።

አሁን ወደ ጾሙ። ጎንደር ላይ ይሄን ሳይነኩ ስለ መድኃኒት መጻፍ አይቻልም። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፣ ፍልሰታ 15፣ ረቡዕና ዓርብም አለ። እናቶቻችን እስከ 9 ሰዓት ምንም አይቀምሱም፣ የጠዋቱ ክኒን ደግሞ ከምግብ በኋላ ነው። አንዳንዶቹ ይዘሉታል፣ አንዳንዶቹ የጠዋቱንና የቀኑን አንድ ላይ 9 ሰዓት ላይ ይውጡታል። ሁለቱም ይጎዳል። ቆራቢ ከሆኑ ደግሞ እሑድ ጠዋት የሚዘለል መድኃኒት አለ፤ እሱን ካልጠየቃችኋቸው አይነግሯችሁም። መፍትሔው ጭቅጭቅ አይደለም። የንስሐ አባታቸውን ቤት ጥሩ፣ በሽታውን አስረዱ። ለታመመ ሰው ቤተ ክርስቲያን ታዝናለች፤ ከእናንተ ይልቅ ከካህኑ አፍ ቢሰሙት ልባቸው ያርፋል። የሚዘሉት ጠዋት ካለም ለሐኪሙ ንገሩት፣ ወደ ማታ የሚዛወር መድኃኒት ይኖራል። በረመዳንም እንደዚሁ ነው፣ ለታመመ ሰው ፈቃድ አለ፣ ሰዓቱንም ከሐኪም ጋር ማስተካከል ይቻላል።

ፀበልና መድኃኒት አብሮ ይሄዳል። ብዙ አባቶችም ይሄንኑ ይመክራሉ። ችግር የሚመጣው መድኃኒቱ ቤት ሲቀር ነው፣ ወይም ክኒን በተዋጠ በጥቂት ደቂቃ ብዙ ፀበል ተጠጥቶ ሲያስመልስ። ፀበል ቦታ ሊሰነብቱ ከሆነ የሁሉንም ቀን መድኃኒት ቆጥራችሁ አሲዙ፣ ፀበሉንና ክኒኑን በሰዓት አራርቁ። ካስመለሳቸውና ካስቀመጣቸው የሚያሸናውንና ኢናላፕሪሉን መቀጠል አለመቀጠሉን ደውላችሁ ጠይቁ።

ከምግብ ጋር ያለው ደግሞ እንደ መድኃኒቱ ነው። ካፔሲታቢን ምግብ በተበላ በ30 ደቂቃ ውስጥ በውኃ ይወሰዳል። ሌላው የካንሰር ክኒን ኢማቲኒብ ከምግብና ከአንድ ብርጭቆ ሙሉ ውኃ ጋር። ለፕሮስቴት ካንሰር የሚሰጠው አቢራቴሮን በባዶ ሆድ። የደም ማነስ አይረን ከሻይና ከቡና ጋር አይሆንም፣ አራርቁት። አንቲባዮቲኩ ሲፕሮፍሎክሳሲን ከወተት ጋር አይሄድም።

የኬሞ ክኒን አይፈጭም፣ አይሰበርም። በባዶ እጅ አትንኩት፣ ጓንት አድርጉ ወይም በክዳኑ ወደ ታማሚው እጅ አፍስሱት። እርጉዝ ሴት ጭራሽ አትንካው። አንድ ሰዓት ቢያልፍ ደራርባችሁ አትስጡ፤ ያለፈውን መዝግቡና ደውሉ።

8. ብሩ ካልበቃ

ይሄ ብዙ ቤት ያለ ነገር ነው፣ በሹክሹክታ ነው የሚወራው። ማዘዣው ላይ ስድስት መድኃኒት አለ፣ ኪስ ውስጥ ያለው ለሦስት ነው። ሰው በራሱ ይመርጣል፣ ብዙውን ጊዜም ርካሹን ወይም «ዋና» የመሰለውን። ወይም ሁለት ወር እንዲደርስ ብሎ ግማሽ ግማሽ ይሰጣል። እባካችሁ እንዲህ አታድርጉ። ማዘዣውን ስትሰጡ «ይሄን ያህል ነው ያለኝ፣ የቱ ይቅደም?» በሉ። ፋርማሲስቱ የሚቀድመውን ያውቃል፣ ርካሽ አቻም ሊኖር ይችላል፣ ምናልባትም ከዝርዝሩ ላይ የማያስፈልግ ይገኛል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ካላችሁ የቱን እንደሚሸፍን አስቀድማችሁ አጣሩ። የሌላ ሰው የተረፈ መድኃኒት ግን፣ ያውም የካንሰር፣ በምንም ዓይነት አትውሰዱ።

9. ሌሊትም ቢሆን የሚኬድበት

ቴርሞሜትር ግዙ። ኬሞ ላይ ያለ ሰው 38 እና ከዚያ በላይ ከተኮሰ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይኬዳል። በተለይ ኬሞ ከተሰጠ ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ነጭ የደም ሴል ስለሚያንስ ቀላል የመሰለ ኢንፌክሽን በሰዓታት ውስጥ ይከፋል። ሳትለኩ ፓራሲታሞል አትስጡ፣ ትኩሳቱን ይደብቀዋል። አዛውንት ደግሞ ሳይተኩሳቸውም ከባድ ኢንፌክሽን ሊይዛቸው ይችላል፤ ድንገት ከተቀባዠሩ፣ ከተንቀጠቀጡ፣ ሰው መለየት ካቃታቸው ትኩሳት የለም ብላችሁ አትዘናጉ።

የማይቆም መድማት፣ ጥቁር ሰገራ፣ የትንፋሽ እጥረት፣ ቀኑን ሙሉ ሽንት አለመሽናት፣ ውኃ እንኳን የማያስቀር ትውከት፣ ካፔሲታቢን እየወሰዱ ከወትሮው በ4 ጊዜና ከዚያ በላይ የበዛ ተቅማጥ፣ ወድቆ ጭንቅላት መመታት። እነዚህም አያድሩም። ከመድኃኒት የመጣ የሚመስል ጉዳት ካያችሁ ደግሞ ባለሙያው ቢጫውን የሪፖርት ቅጽ እንዲሞላ ጠይቁ፣ ወይም በምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነጻ መስመር 8482 ደውላችሁ ራሳችሁ አሳውቁ።

ድንገተኛ ክፍል ስትደርሱ በር ላይ ላገኛችሁት ባለሙያ የመጀመሪያው ቃላችሁ «ኬሞ ላይ ናቸው፣ መጨረሻ የወሰዱት በዚህ ቀን ነው፣ ትኩሳቱ ይሄን ያህል ነው» የሚል ይሁን። ካርድ እስኪወጣ አትጠብቁ። ዝርዝሩን እጁ ላይ አስይዙት።